ሙሉ ማርክ ያገኘች አራስ

ኮተቤ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ለአንድም ተማሪ ሙሉ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። መልሱ ሁሉ ልክ ሆኖ ቢያስቸግረኝ እንኳ ለእጅ ጽሑፉ ግማሽ እቀንሳለሁ፤ እጅ ጽሑፉም ካማረ ለኩራቱ ግማሽ እቀንሳለሁ። ዛሬ መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ የሚያገኙኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እነሱም ሸብተው፣ ገና ሰላም ሳይሉኝ ያቺን ግማሽ ያነሡብኛል። እንዲህ ያለሁት ቆንቋና በሕይወቴ የመጀመሪያውን ሙሉ ማርክ የሰጠሁት ለገዛ ልጄ ነው። ያውም ፈተናውን እኔው ሠርቼላት።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜ ነው። ባሏ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነው፤ ከከተማ ርቆ ካምፕ ውስጥ ያድርና በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። ስለዚህ የአራስነት ጊዜዋን የካ ሚካኤል አጠገብ ካለው ቤታችን እንድታሳልፍ ተወሰነ። «ቤታችን» የምለው ከልማድ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ቤቱ የእኔና የሬዲዮኔ ነው። አራሷን የሚንከባከብ ሰው ሲፈለግ ታላቅ እህቴ ከእንጦጦ ወረደች። እህቴ እዚያ ላይ ትንሽ ማሳ፣ ሁለት ላምና ብዙ አስተያየት አላት። የገብሱን ዱቄትና ቅቤውን ጎረቤት ተሸክሞላት፣ አስተያየቱን ግን ለማንም ሳታጋራ ራሷ ይዛው መጣች።

በገባችበት ቀን ሕግ ወጣ። መስኮት አይከፈትም። የአራሷ ጆሮ በጥጥ ይደፈናል፤ ነፋስ በጆሮ ገብቶ ስንቷን ሴት አበላሽቷል። ስልክ ክልክል ነው፤ እሱም ያው ነፋስ ነው፤ እንዲያውም ከሩቅ የመጣ ነፋስ። አራስ ለአንዲት ደቂቃ ብቻዋን አትተውም። ጠዋት ገንፎ፣ ረፋድ ላይ አጥሚት፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዝርዝር ደግሞ ለሚሰማው ሰው ራሱ ያጠግባል። በመሥሪያ ቤቷ አሥራ ሁለት ሰው የምታዝ ልጄ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ለሁሉም ነገር «እሺ» ትላለች። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ይህች ልጅ አፍ ከፈታች ጀምሮ እሺ ብላኝ አታውቅም።

እኔም የራሴ ሕግ ነበረኝ። አራስ ያለችበት ክፍል የገባ፣ ከእሷ ጋር የቀመሰ፣ ቄስ መጥቶ ጠበል እስኪረጭ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ሲባል ነው ያደግሁት። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሚካኤልን ካልሳምኩ ቀኑ አይቀናኝም። ስለዚህ ከክፍሏ ደፍ ላይ ቆሜ፣ መጋረጃውን በሁለት ጣት ገለጥ አድርጌ፣ «እንዴት አደርሽ?» እላለሁ፤ «ደኅና» ትለኛለች፤ መጋረጃውን እለቃለሁ። የነፍስ አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ ከመሶቡ አትቁረስ እንጂ ልጅህን ብታያት ማን ይከለክልሃል ብለውኝ ነበር። አልሰማሁም። እንዲህ ያለ የሚመች ሰበብ በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ውስጥ ከገባሁ እናቷ ብቻ የምታውቀውን አንድ ነገር ትጠይቀኛለች ብዬ እፈራ ነበር።

የፈተናው ነገር የመጣው ከወለደችበት ጤና ጣቢያ ነው። ልንወጣ ስንል አንዲት ወጣት ተመራማሪ ወረቀቷን አቅፋ መጣችና እናቶች ከወለዱ በኋላ የኑሯቸው ጥራት እንዴት እንደሆነ የሚለካ ጥናት ላይ እንዳለች፣ ልጄ ፈቃደኛ ከሆነች ሦስት ጊዜ ስልክ እየደወለች እንደምትጠይቃት ነገረችን። የኑሮ ጥራት ሲባል እኔ መጀመሪያ የመጣብኝ የዘይት ዋጋ ነው። ልጄ ደክሟት ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀች። የስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ግን እኔ ፈጠን ብዬ የራሴን ሰጠሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቁጥሬን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል።

ከሳምንት በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ተደወለ። ተመራማሪዋ እናትየዋን እንዳገናኛት በትሕትና ለመነችኝ። የእህቴን የስልክ ሕግ አስረዳኋት። እንግዲያው ጥያቄውን ቃል በቃል እንዳደርስላትና የምትለውንም ቃል በቃል እንድመልስ ነገረችኝ። የእያንዳንዱ መልስ ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አምስት በጣም ጥሩ። እኔም ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ከደፉ ላይ ቆምኩና በክፍል ድምፄ ጮኬ ጠየቅሁ፦ በዚህ ሳምንት እንቅልፍሽ እንዴት ነበር?

«ይመስገን በላት» አለች እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ።

የልጄን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። አሁን እንግዲህ ሒሳብ መምህር ነኝ፤ «ይመስገን» ከአንድ እስከ አምስት ባለው ውስጥ የትኛው ላይ ይውላል? ፈጣሪ ከተመሰገነ ከአምስት በታች ማድረግ ድፍረት መስሎ ታየኝ። «አምስት» አልኳት። ጉልበቷስ? ይመስገን። አምስት። የምግብ ፍላጎቷስ? እዚህ ላይ እህቴ እንደ መሰደብ ቆጠረችው፤ እኔ እያለሁ ምን ማለት ነው አለች። አምስት። ሐዘን፣ ጭንቀት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ? ደግሞ ሐዘን ምን ሊሠራ እዚህ ይመጣል አለች እህቴ። እሱንም በሚገባው በኩል አምስት አደረግሁት። ስልኩን ስዘጋ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ከክፍሉ አንደኛ ወጥታለች።

ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣሁ ነበር። ተመራማሪዋ እቤት እስክደርስ ትጠብቀኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አያስፈልግም፣ ጠዋት ጠይቄያታለሁ አልኳት። አልጠየቅኋትም። ከሚካኤል አጥር ሥር ቆሜ፣ በሩ ላይ ሰይፉን መዝዞ ከተሳለው መልአክ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አሥራ ምናምኑን ጥያቄ አምስት፣ አምስት፣ አምስት እያልኩ ጨረስኩት። አንዱ ላይ ብቻ፣ እንዳይጠረጠር ብዬ፣ «ቆይ እስቲ ላስታውስ» አልኩ።

ግን አንድ የማውቀው ነገር ነበር። የእኔ አልጋና የልጄ ክፍል የሚጋሩት ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። በዚያ ሰሞን ከወዲያ በኩል ልቅሶ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ሕፃኑ ነው አልኩ። የሕፃኑን ድምፅ ስለምድ ደግሞ፣ አይ፣ ጉንፋን ይዟት ነው አፍንጫዋን የምትናፈጠው አልኩ። አንድ ጠዋት ጉንፋን ነው ለማለት የማይቻል ሆኖ ተሰማኝና የሬዲዮኔን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። ዜናው ስለ ምን እንደነበረ አሁንም ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

ሦስተኛው ስልክ አልመጣም። በምትኩ ተመራማሪዋ ራሷ መጣች። አስፋልቱ ላይ ከታክሲ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ በሩ ላይ ስታለከልክ አገኘኋት።

«አባባ፣ ከጠየቅናቸው እናቶች ሁሉ ሙሉ ያገኙት የእርስዎ ልጅ ብቻ ናቸው» አለችኝ።

«ዘር ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። አለቃዋ ወረቀቱን አይቶ፣ ይህቺ ሴት ወይ ቅድስት ናት ወይ አልተጠየቀችም እንዳላት ነገረችኝ። እኔ ፈታኝ ሆኜ ስንቱን ኮራጅ እንደያዝኩ አስታወስኩ። አንድም ጊዜ ግን እንዲህ በጨዋ ቋንቋ ይዤ አላውቅም።

የመጣችበት ቀን ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች አራስ ጥየቃ የተሰበሰቡበት ነበር። ክፍሏ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዷ በገባች ቁጥር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላለች፤ ልጄ «አሜን፣ ያኑርልኝ» ትላለች፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ አምሮብሻል፣ ተስማምቶሻል፣ ወዝሽ መጥቷል ይሏታል። ተመራማሪዋ አራሷን ለብቻዋ ማነጋገር እንደምትፈልግ ተናገረች። እህቴ የገንፎውን ማማሰያ እንደያዘች፣ አራስ ብቻዋን አትተውም፣ እዚሁ ጠይቂያት እንጂ ማን አፍሽን ያዘው አለቻት። ምስኪኗ ጠየቀች። መልሱን ሴቶቹ ተሻሙበት። እንቅልፍ ስትል አንዷ፣ ኧረ እንደ ሙሽራ ነው የምትተኛው አለች። ጉልበት ስትል ሌላዋ የልጄን ክንድ ይዛ እንደ ገበያ በግ ጨበጥ ጨበጥ አደረገችና አረጋገጠች። ልጄ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቷ እየፈተለች ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ ከደፉ ላይ ነኝ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ግባ» አለች።

ከዚያ በፊት ያን ድምፅ የሰማሁባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በልጅነቷ ውሻ አጥር ላይ ሲያስጠጋት። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ገባሁ። ገብቼ ግን ምን ላድርግ? ዘጠኝ ሴት ቁጭ ብሎ ያየኛል። በዕድሜዬ የማውቀው ሥራ አንድ ነውና እሱኑ ሠራሁ።

«ፈተና ሊጀመር ነው» አልኩ። «ከተፈታኟ በቀር ሁሉም ወደ ውጭ።»

ሳቁ፤ እየሳቁ ሳሎን ወጡ። ሁለቱ ያስተማርኳቸው ናቸው፤ እነሱ እንዲያውም ቀድመው ወጡ። እህቴ ብቻ ቀረች። ብቻዋን አትሆንም፣ እኔ አለሁ አልኳት። አንተማ ምን ትሆናለህ አለችኝ። ነገሩ እውነት ነበር፤ እኔ ግን መጋረጃውን ገልጬ ያዝኩላት፣ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። እኔም ልወጣ ስል ልጄ ጋቢዬን ያዘችው። ስለዚህ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ በእኔ ክፍል የሚረብሽ ተማሪ እንደማስቆመው ማለት ነው።

ተመራማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። እንቅልፍ? አንድ። ጉልበት? ሁለት። ለነገ ያለሽ ተስፋ? ልጄ ትንሽ አሰበችና ስለ ነገ አላስብም፣ ዛሬ አላልቅ ብሎኛል አለች። ልጅቷ ያን ቁጥር ሳታደርግ እንዲሁ ጻፈችው። ከቤተሰብ የምታገኚው እርዳታ?

«ምግቡ አምስት ነው፤ ከአምስትም በላይ ነው። አባዬ ግን በር ላይ ነው የሚቆመው» አለች ልጄ። «ሁለት በይው።»

በሕይወቴ ሁለት አግኝቼ አላውቅም ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ እያየሁ ይግባኝ የምልበትን ነገር ፈለግሁ፤ አንድም አላገኘሁም። እንዲያውም ለዘመድ ስትል ያበዛችልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ተመራማሪዋ ልጅሽን ስታዪው ምን ይሰማሻል ብላ ጠየቀቻት። ሳሎን ውስጥ ሴቶቹ ሲሳሳቁ ይሰማል።

«ምንም» አለች ልጄ። «የሰው ልጅ አደራ ተሰጥቶኝ የምጠብቅ ነው የሚመስለኝ። ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው። ሰው ሁሉ ማርያም ማረችሽ ይለኛል፣ አሜን እላለሁ። እኔ ግን ገና እዚያው ምጡ ላይ ያለሁ ነው የሚመስለኝ።»

የእስክሪብቶ ድምፅ ቆመ። ተመራማሪዋ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ከዚህ በኋላ ያለው የጥናት ነገር እንዳልሆነ፣ ይህ ነገር ብዙ እናቶች ላይ እንደሚደርስ፣ ጥፋትም ስንፍናም እንዳልሆነ፣ እንደሚድንም ነገረቻት። ጤና ጣቢያው ውስጥ እንደሷ ያሉ እናቶችን የምታነጋግር ነርስ አለች፤ ነገ ጠዋት ልጄ ትምጣ፤ ተመራማሪዋ ለነርሷ አስቀድማ ትነግርላታለች። ስትወጣ እኔን በር ላይ ያዝ አድርጋ፣ የልጄን የራሷን ቁጥር ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።

አሁን ቀሪው እህቴ ናት። ማታውን ከኩሽናው በር ላይ ቆሜ ነገሩን ነገርኳት። አርባ ቀን ሳይሞላት አራስ ከቤት ይዘህ ልትወጣ? አለችኝ። ብርዱስ? የሰው ዓይኑስ? ደግሞ ለወሬ? እኔ ሰባት ስወልድ የመጣ ቁጥር ጠያቂ የለም፤ ቁጥር ሳልጠየቅ ይኸው አሳደግሁ። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር በወረቀት ካልሆነ አይሆንላቸውም አለች።

እኔም ያው እኔ ነኝ፤ ጊዜና ቦታ አልመርጥም፣ ላስቃት ብዬ ነው።

«ቢጠይቁሽ ኖሮ ስንት ትሰጪ ነበር፣ እትዬ?» አልኳት።

ገንፎውን ማማሰሏን ቀጠለች። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ድስቱን ከእሳቱ አወረደችው።

«ከአንድ በታች አለው?» አለች።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሦስተኛ ልጇን የወለደች ክረምት እንጦጦ ልጠይቃት ወጥቼ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አብሬያት ተቀምጬ፣ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ምሰሶውን ስታይ ትቻት የወረድኩት ነገር። ጨዋታ ጠፋባት ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያት ስቀናል። እህቴ ስለዚያ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ገንፎውን በሳህኑ ላይ አድርጋ መሃሉን በማንኪያ ጎድጎድ አደረገችና ቅቤ ሞላችው። በኋላ ልጄ ክፍል ገብታ ለነገ የምትለብሰውን ወፍራም ጋቢ ስትመርጥ ሰማኋት፤ ይሄኛው ይሻላል፣ ያኛው ያሳክካል ስትላት።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ልጄን ይዛት ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ ሕፃኑ እኔ እጅ ላይ ቀረ። የያዝኩት እንደ ሰማንያ ተማሪ የፈተና ወረቀት ነው፤ በሁለት እጅ፣ ወደፊት ዘርግቼ፣ ነፋስ እንዳይበትነው። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች አላስቻላቸውም።

«አባባ፣ እርስዎም ወለዱ እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

«ጡረታ ላይ ጊዜ አለኝ ብዬ» አልኳት።

ተነሥታ ክንዴን አጠፈችልኝና ጭንቅላቱን ክርኔ ላይ አስደገፈችው። ጠጋ ያድርጉት፣ አይነክስዎትም አለችኝ። ጠጋ አደረግሁት። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። አንዴ አልቅሶ ኮሪደሩን አመላለስኩት፤ የማውቀው ዜማ ስለሌለ የማባዣ ሠንጠረዥ አዜምኩለት። የሰባት ብዜት ላይ ዝም አለ።

ልጄ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ትከሻዋ ግን ወርዷል። አንድ ሰው ከባድ ዕቃ ለአፍታ ተቀብሏት የቆየ ይመስል ነበር። ላዳ ታክሲ ያዝን። ሹፌሩ የእኔ እኩያ ነው፤ መኪናውም ከሁለታችን ብዙ አያንስም። ምን እንዳሏት አልጠየቅኋትም። መገናኛን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ራሷ ተናገረች። በየሳምንቱ ነይ ተብላለች። ከሌሊቱም እኩሉን ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው፣ እሷ ትተኛ ተብሏል።

«እትዬ አሮጊት ናት፣ ማን ይይዘዋል?» አልኩ።

«አንተ» አለች።

እኔ እኮ ልጅ ይዤ አላውቅም፣ አንቺንም ሳልይዝሽ ነው ያደግሽው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ወደ ጎን ሳያት ጭንቅላቷ መስታወቱ ላይ ተደግፏል፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ተኝታለች። መኪናው በየጉድጓዱ ሲነጥረን፣ ጭንቅላቷ መስታወቱን ሲመታው፣ አልነቃችም።

በራችን ላይ ደረስን። ሹፌሩ እጁን ወደ ክላክሱ ሲሰድ ትከሻውን ያዝኩት።

«ምነው? ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለ።

«ተኝታለች» አልኩት በሹክሹክታ።

ከፊቱ በተሰቀለው መስታወት አያት። ከመቼ ጀምሮ ነው ሳትተኛ የቆየችው ብሎ ጠየቀኝ፤ ከወለደች ጀምሮ አልኩት። ሞተሩን አጠፋው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለሚጠብቀው ሰው፣ መኪናው ተበላሽቶብኛል፣ ሌላ ይፈልጉ አለው፤ በዚያ መኪና ይህን የማያምን የለም።

እህቴ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ኖሮ በሩን ከፍታ ወጣች። አፏን ከፈተች፤ መስኮቱ ላይ ያለውን ፊት አየችና ዘጋችው። ፀሐዩ በዚያ በኩል ነበር። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና መስኮቱ ላይ ጋረደችው፤ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ እንዲያ እንደ ቆመች ቀረች። ሕፃኑ ነቅቶ ያየኛል። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ ወንድ ነው ሴት ብሎ በምልክት ጠየቀኝ፤ የሕፃኑ ፊት ለሱም እንዲታየው ክርኔን ከፍ አደረግሁለት።